በመስኮቱና በቴሌስኮፑ መካከል

የመኝታ ቤቴ መስኮት መዝጊያው ቆርቆሮ ነው። ወረታ ዳር ላይ፣ ከመጨረሻው የሩዝ ወፍጮ አለፍ ብሎ ባለው በኛ ሰፈር፣ የሁሉም ቤት እንደዚያው ነው። ፀሐይዋ ወደ ጣና ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ገና ሳይገቡ፣ እኔ ያንን መዝጊያ ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ። ጎረቤቶቼ «ዘጋች፤ በሉ ከብቱን አስገቡ፣ መሽቷል» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ቢንቢ ወደ ቤት የምትገባው በዚያች ሰዓት ነው።

ፈሪ ሴት ነኝ፤ አልደብቅም። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ የባጃጅ ጥሩምባ ያስደነግጠኛል፤ ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ሲጮህ ልቤ ይወድቃል። ወባን ግን የምፈራው በወሬ አይደለም። አግብቼ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከይፋግ በታች ሜዳው ላይ ስንኖር፣ የመጀመሪያ ጽንሴ የወረደብኝ በወባ ነው። ጥቅምት ነበር። ፎገራ ላይ ጥቅምት የሚያታልል ወር ነው። ጎርፉ ይሸሻል፣ ሰማዩ ይጠረጋል፣ ሩዙ ዘለላው ከብዶት ማዘንበል ይጀምራል፣ ሰው በእርጥቡ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ክፉው ነገር ሁሉ ያለፈ ይመስላል። ከማሳው የቀረው ውሃ ግን በየጉድጓዱ ተኝቶ ቢንቢ ይፈለፍላል። ያን ጊዜ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላም ነገሩን ለማንም አላወራሁት፤ ለልጄም ጭምር።

ልጄ የፊዚክስ መምህርት ናት። ባሏ አንበሳሜ የመንግሥት ሥራ ስላለው የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስታረግዝ፣ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ ተከራይታ የነበረውን ክፍል ለቃ እኔ ዘንድ ገባች። ሆዷ በደንብ ገፍቶ ነበር። ከልብሷና ከመጻሕፍቷ ጋር አንድ ረጅም ካርቶን በባጃጅ አስጭና መጣች። ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ነው ያወረደችው።

«ልጀ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቴሌስኮፕ ነው፣ እማ። የሰማዩን ነገር አቅርቦ ያሳያል።»

«ሰማዩማ ይታየኝ የለም ወይ?»

«ሳተርን ግን አትታይሽም። ቀለበት አላት።»

«ማን አሰረላት?» አልኋት።

ካርቶኑን እንዳቀፈች ሳቀች። ቴሌስኮፑ አብሯት ያስተምር የነበረ የአዲስ አበባ ሰው ተዛውሮ ሲሄድ ትቶላት የሄደው ነው። ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ፣ እሱ ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ቱቦ፣ ቱቦውን ቀስ እያደረገች የምታዞር ሞተር፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ በሰው ዓይን ፈንታ የምትሰካ ትንሽ ካሜራ ነበረችው።

ሐሳቧ የሳተርንን ቀለበት በካሜራው ቀድታ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቿ ማሳየት ነበር። ያን ሁሉ ተማሪ እኔ ግቢ ማምጣት አይቻልም። «መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል አያምኑትም፤ ከወረታ የታየ ነው ስላቸው ግን ያምናሉ» ትለኝ ነበር። ሳተርን በዚያ ወቅት ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ ትታይና፣ ብዙም ሳትቆይ ወደ ጣና ትወርዳለች። በየቀኑም ዝቅ እያለች ነው የምትሄደው። ኅዳር ሲጋመስ ከፀሐይዋ ጋር ተከታትላ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጄ አራስ ናት። እንግዲህ ሰማዩ የሚጠራው በጥቅምት፣ ሳተርን የምትታየው በማምሻ። ቢንቢም በጥቅምት፣ ቢንቢም በማምሻ። ነፍሰ ጡር ልጄ ግቢ መሐል የምትቀመጥበትን ሰዓት ጠላት ቢመርጥላት ከዚህ የባሰ አያገኝም ነበር።

መጀመሪያ የሠራችው በገመድ ነው። አንዱን የገመድ ጫፍ ቴሌስኮፑ ላይ ትሰካለች፣ ሌላውን ጫፍ ከእንጨት መቀመጫዬ፣ ከዱካዬ ላይ ካስቀመጠችው ላፕቶፕ ትሰካለች። ላፕቶፑ ላይ ቁልፍ ስትነካ ቱቦው «እዝዝዝ» ብሎ ወደፈለገችው ይዞራል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ገመዱ ግን አጭር ነው፤ ከሁለት ክንድ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ልጄ ከቴሌስኮፑ ሥር ነው የምትቀመጠው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ በጭራ ቢንቢውን እከላከልላታለሁ።

«እማ፣ ጭራው ቱቦውን እየነካ ነው። ሳተርን ዘለለችብኝ።»

«ትዝለል። ጋቢውን እግርሽ ላይ ጣል አድርጊ።»

«ሞቆኛል እኮ!»

«ይሙቅሽ።»

አጥር የምንጋራት ሩዝ ነጋዴ ጎረቤቴ አንገቷን ከአጥሩ በላይ ብቅ አደረገች። ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ የሆነች ሴት ናት። «እናንተ ቤት መድፍ ተተክሏል አሉ! ወደ የት ነው ያነጣጠራችሁት?»

«ኧረ ባክሽ ዝም በይ! ሰው ይሰማል!» አልኋት። ዛሬ ያ መንግሥት የለም፤ ያን ጊዜ ግን ሊያልቅለት ሲል ነበርና ኢንተርኔቱ በየሰበቡ ይዘጋል፣ ሰው የሚያወራው ግራ ቀኝ እያየ ነው። መድፍ የሚል ቀልድ የሚያስቀኝ ጊዜ አልነበረም።

ልጄ ግን፣ «እትየ፣ ይምጡና ይዩ» አለቻት።

«እኔስ ይቅርብኝ። ያ መሬት ላይ የተጋደመው የመብራት ሽቦ አይደል? ረግጬው ደርቄ ልቅር?»

የመብራት ሽቦ አለመሆኑን ልጄ ብትምልላትም አልገባችም። እውነቱን ለመናገር እኔም ገመዱን የማልፈው ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ነበር።

በማግስቱ እኔ ራሴ ገበያ ወርጄ፣ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ተመሳሳይ ገመድና ማገናኛ ገዝቼ መጣሁ። «በይ ቀጥይው። አንች ቤት ውስጥ አጎበር ሥር ትሆኛለሽ፣ እሱ ውጭ ይቆማል።» ላም የምትታሰርበት ገመድ ሲያጥር በሌላ ገመድ ይቀጠላል፤ ይሄንንም እንደዚያ አድርጌ ነው ያሰብሁት። ልጄ ቀጠለችው። ቴሌስኮፑ ዝም አለ። ነቅላ ሰካችው፤ አሁንም ዝም።

«ፈራሁት እኮ» አለች። «እንዲህ ያለ ገመድ ሲረዝም መልእክቱ መንገድ ላይ ይደክማል።»

«ገመድ ይደክማል እንዴ?»

«ገመዱ ሳይሆን በውስጡ የሚሄደው። ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ሲጣራ አይተሽ የለ? ሲርቅ ድምፁ ይሰማሻል፣ ቃሉን ግን አትለይውም። እንደዚያ ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ርብ ማዶ ሆነው የሚጣሩ ሰዎችን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ «ና» ይሁን «አትምጣ» ሳይለይ ስንቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ያ ሁሉ ገመድ ተገዝቶ አለመሥራቱ አናደደኝ። ጠቅልዬ ምስማር ላይ ሰቀልሁት።

ያን ጊዜ ልጄ ከካርቶኑ ሥር አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ነገር አወጣች። «እንግዲህ ገመድ አልባውን እንሞክራለን» አለች። ያቺን ነገር ቴሌስኮፑ ላይ ስትሰካት ቴሌስኮፑ የራሱን ዋይፋይ ያወጣል፤ በእጅ ስልክ ይታዘዛል፣ ምስሉንም ወደ ስልኩ ይልካል።

«ኔትወርክ ተዘግቷል አላልሽኝም ነበር?»

«ይሄ ከማንም አይመጣም፣ እማ። ከዚህ ቴሌስኮፕ ወጥቶ እዚህ ስልክ ላይ ነው የሚያልቀው። ከግቢያችን አይወጣም።»

በመካከላቸው እጄን ዘርግቼ ዳበስሁ። ምንም የለም። ስልኩን ነካች፤ ቱቦው ዞረ። እንደገና ዳበስሁ። ልጄ ትስቃለች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ላም በገመድ ስትጎተት አይቻለሁ፤ በድምፅ ስትጠራም አይቻለሁ። ይሄ ግን ገመድም ድምፅም የለው። ታዲያ በምን ሰማ?

የዚያን ዕለት አመሻሽ ልጄን ከነስልኳ አጎበሩ ሥር አስገብቼ፣ ደስ ብሎኝ የመስኮቱን መዝጊያ ጥርቅም ሳደርገው፣ «ጠፋ!» ብላ ጮኸች። ከፈትሁት። «መጣ!» ዘጋሁት። «ጠፋ!» እንዲህ ስንከፍት ስንዘጋ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ፣ «ምነው መስኮቱ ላይ ምን አየሽበት?» አለችኝ።

ቆርቆሮው ነው። ግድግዳችን ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ያ ጎኑ ዝናብ እንዳይበላው ከውጭ በኩል ከታች እስከ ላይ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ መዝጊያውም ቆርቆሮ። ዋይፋይ በቆርቆሮ አያልፍም። መግቢያው ያቺ መስኮት ብቻ ሆነች። ቢንቢም መግቢያዋ ያቺው መስኮት ናት።

አሮጌ አጎበር ነበረኝ፤ ከመሐሉ ቆርጬ በመስኮቱ ልክ አጠፍሁት። ማሰሪያ ስፈልግ ምስማር ላይ የሰቀልሁትን ያንን ያልሠራ ገመድ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ወጥሬ አጎበሩን አንጠለጠልሁበት። ልጄ ስታየው፣ «በመጨረሻ ሥራ አገኘ» አለች። እውነትም ዋይፋዩ በአጎበሩ ቀዳዳ ገባ፤ ቢንቢዋ ቀረች። ልጄ ቴሌስኮፑን በስልክ ማዘዝ እየለመደች ለአንድ ለሁለት ቀን ሰላም ሆነ።

ከዚያ ግን እኔን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ቆርቆሮ ከከለከለው ሌላስ ምን ይከለክለዋል? እሑድ ከሰዓት ልጄ ደብተር ስታርም፣ «እስኪ ያቺን ጥቁር ነገር ስጭኝ» አልኋት። በራሷ ባትሪ ነው የምትሠራው። ስልኩ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋች ምልክት አለች፤ ዋይፋዩ ሲበረታ ትሞላለች፣ ሲደክም ትጎድላለች፤ እሷን እያየሁ ጀመርሁ። ጥቁሯን ነገር ብረት ድስት ውስጥ ከትቼ ስከድናት ምልክቷ ድርግም አለች። መሶብ ውስጥ ሳደርጋት ምንም አልሆነችም። ከሩዝ ጆንያ ጀርባ ሳስቀምጣት ጥቂት ጎደለች። ባዶ ጀሪካኖች ፊቷ ስደረድር ምልክቷ እንደሞላች ቀረች። ከቧንቧ የተቀዱትን፣ ውሃ የሞሉትን ጀሪካኖች ስደረድርባት ግን እየደከመች ሄደች።

«ነይ እይ! ውሃ አይወድም!»

ልጄ ደብተሯን ትታ መጣች። «እማ፣ አንች ትምህርት ቤት ብትሄጅ ኖሮ እኔ ሥራ አላገኝም ነበር።»

«መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ» አልኋት። ፊደል የቆጠርሁት እዚያ ነው፤ ከዚያ በላይ አልሄድሁም።

ይህን ያህል ደስ ብሎኝ ሳለ ነው ጎረቤቴ ነገር ያመጣችብኝ። ሩዝ ልታስፈጭ ስትሄድ በር ላይ አገኘችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንች ሴት፣ ያ አየር ላይ የሚሄደው ነገር ጨረር ነው አሉ። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሆስፒታል ራጅ ሊያነሱ ሲሉ እርጉዝ ነሽ ወይ ብለው የሚጠይቁት ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው ነዋ! ሰው ሁሉ ያውቃል። ገመዱ ይሻላችሁ ነበር፤ ገመድ ቢያንስ ውስጡ ይዞ ይሄዳል።»

በገመዱ ጊዜ ገመዱን የፈራች እሷው ነበረች። ቢሆንም ልቤ ወደቀ። በገመዱ ብትሠራ ውጭ ከቢንቢ ጋር ናት። በገመድ አልባው ብትሠራ ደግሞ፣ ያ በመስኮቴ የሚገባው ነገር ቀጥታ ሆዷ ላይ ነው የሚያርፈው፤ አልጋዋ ከመስኮቱ ትይዩ ነውና። ለልጄ እንዳልነግራት የሰፈር ወሬ ይዘሽ መጣሽ ብላ ትስቅብኛለች። ስለዚህ ዱካዬን አውጥቼ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ጀርባዬን ወደ ቴሌስኮፑ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። የሚመጣው ነገር መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ አልሁ። እኔ ከእንግዲህ አልወልድም።

«እማ፣ ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?»

«ሩዝ እለቅማለሁ።»

«በጨለማ?»

«ገና ነው፤ ይታየኛል።»

በዚያው ቀን ዋይፋዩ መቆራረጥ ጀመረ። ልጄ አጎበሩ ሥር ሆና ታማርራለች። ሳተርን ትመጣላትና ገና መቅዳት ስትጀምር ምስሉ ደርቆ ይቀራል። ባትሪ ቀየረች። ቴሌስኮፑን አስጠጋች። ስልኩን አጥፍታ አበራች። እኔ ትንሽ ወደ ጎን ስል ይመጣል፤ ተመልሼ ስስተካከል ይጠፋል። እኔ ግን የማየው ሩዜን ነው። ልጄም የምታየው ስልኳን ነው።

አንድ አመሻሽ ትዕግሥቷ አለቀ። አጎበሩን ገልጣ፣ ላፕቶፗንና ያንን አጭር ገመድ ይዛ ወጣች። «ገመድ አልባ ብሎ ነገር የለም! ገመድ ማለት ገመድ ነው። ስትሰኪው ይሠራል፣ ስትነቅይው ይቆማል።»

ተነስቼ በሩ ላይ ያዝኋት። «አትወጭም።»

«እማ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው። ሳተርን እየወረደች ነው።»

«ትውረድ!»

«አንች የምትፈሪው ነገር እኮ አያልቅም! ገመዱን ፈራሽ፣ ነጎድጓድ ትፈሪያለሽ፣ ባጃጅ ትፈሪያለሽ! ሰው እንዲህ ሆኖ ይኖራል?»

«ከአንች በፊት ሌላ ነበር» አልኋት።

ምን እንዳስወጣው አላውቅም። ቆመች። «ምን ሌላ?»

«ጽንስ። በዚህ ወር፣ በዚህች ሰዓት ግቢ ውስጥ ስቀመጥ ቢንቢ በላችኝ። ትኩሳቱ ያዘኝ። ወረደ። ወንድ ነበር።»

ከሩዙ ማሳ የእንቁራሪቶቹ ድምፅ ይሰማል። ልጄ ላፕቶፑን መልሳ አልጋው ላይ አኖረችው። ኋላ ገመዱን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «እሽ» አለች። «ከእንግዲህ በማምሻ አልወጣም። በገመድ አልባው ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነም ይቅር።»

ይቅር ስትል ግን ፊቷን አይቻለሁ። ለተማሪዎቿ ቃል ገብታ ነበር። እኔም አዘንሁላት፤ አዝኜም በማግስቱ ዱካዬን ወደ መስኮቱ ይበልጥ አስጠጋሁት። አሁን እንግዲህ በገመድ አልባው ብቻ ከሆነች፣ ጨረሩ ሁሉ በዚያች መስኮት ነው የሚመጣው ብዬ ነው። ዋይፋዩ ጭራሹን ጠፋ።

ከሳምንት በላይ ያህል እንዲህ ስንሆን ቆይተን፣ አንድ ጧት ጆንያ ሳነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርቤም አልሞቅ አለኝ። ወባን ሰው አይረሳትም፤ አጥንት ውስጥ ገብታ ስትንቀሳቀስ ይታወቃል። ልጄ ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ጣቴን ወግተው ደም ወሰዱ። ወባ ነው አሉኝ።

ባለሙያዋ የልጄን ሆድ አየች። «አንችም ተመርመሪ። አንድ ቤት ነው የምትኖሩት?»

«አዎ።»

የልጄ ውጤት እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ እየተንቀጠቀጥሁ ነበር፤ ከብርዱ የቱ፣ ከፍርሃቱ የቱ እንደሆነ አልለይም። ልጄ ጋቢዬን እያስተካከለች፣ «ሰውነቴ አልተኮሰም፣ ደኅና ነኝ» ትለኛለች። እኔም ያን ጊዜ፣ ጽንሴ በወረደበት ዕለት፣ ማለዳ ላይ ደኅና ነበርሁ። የባለሙያዋ በር በተከፈተ ቁጥር ማርያም ማርያም እላለሁ። በመጨረሻ ወረቀቷን ይዛ ወጣችና፣ «ያንች ነጻ ነው። በአጎበር ነው የምትተኚው?» አለቻት።

«በአጎበር ነው የምኖረው» አለች ልጄ።

ባለሙያዋ ወደኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ እማማ? ልጅዎን ለአጎበሩ ሰጥተው እርስዎ ውጭ ነው እንዴ የሚያመሹት?»

ክኒኔን ተቀብዬ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ እኔ አልጋ ላይ፣ አጎበሩ ሥር ተኝቻለሁ። ልጄ ቴሌስኮፑን ቀን በብርሃን አቁማው ነበርና ውጭ አልወጣችም። አጎበሩን ገልጣ ከጎኔ ገባች፤ ሁለታችንም አንድ ድንኳን ውስጥ እንዳለን ሆንን። ተስፋ ቆርጣ ነው ስልኳን የከፈተችው። በመስኮቱ በኩል የሰማዩ ዳር ገና ቀላ ብሎ ይታያል።

«እማ።»

«እ?»

«አልተቆረጠም።»

ስልኩን ፊቴ አቀረበችው። ጥቁር ላይ አንዲት ቢጫ ትንሽ ነገር ትንቀጠቀጣለች። ዓይኔ በትኩሳቱ ስለፈዘዘ መጀመሪያ የምስር ፍሬ መሰለችኝ። ኋላ ግን ዙሪያዋን ያለው ቀለበት ለየልኝ፤ በጎንና በጎን በኩል በእሷና በቀለበቱ መሐል ጥቁር ክፍተት አለ። ቀለበቱ አልነካትም። ሳይነካት ይዟታል። ልጄ ቀዳች፣ አሁንም ቀዳች፤ ሳተርን ጣና ላይ እስክትጠልቅ ድረስ አንዴም አልተቆረጠባትም።

ደስታዋ ሲበርድላት ግን አስተማሪ ናትና ታስብ ጀመር። «ምን ተለወጠ? ባትሪው ያው ነው። ቦታው ያው ነው። ስልኩ ያው ነው።» ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ከአጎበሩ ባሻገር ዱካዬ ባዶውን ቆሟል። ወደኔ ዞረች።

«እማ፣ በየቀኑ እዚያ ነበር የምትቀመጭው?»

«አዎ።»

«ልክ ከመስኮቱ ፊት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ትኩሳት ያለበት ሰው ሰበብ መፍጠር አይችልም። ነገርኋት። ጨረሩ መጀመሪያ እኔን እንዲያገኘኝ ብዬ ነው አልኋት። ልጄ አፏን በእጇ ያዘችና፣ «ጀሪካኑ!» አለች። «እማ፣ ረሳሁት እኮ! የሰው ገላ ብዙው ውሃ ነው። አንች እኮ ውሃ የሞላሽ ጀሪካን ነሽ!» እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። «እኔ ባትሪ እቀይራለሁ፣ አንች እዚያ ተቀምጠሽ በቢንቢ ትበያለሽ!»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ሌላ ነገር ገባኝ። «ቆይ እንጂ። እኔ ላይ ከቀረ፣ እኔ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ውስጤ ገብቶ ወዴት ሄደ?»

ሳቋን አቆመች። ይህን አልጠበቀችም። «ሙቀት ይሆናል። ነገር ግን በጣም ትንሽ፤ ፀሐይ ጀርባሽ ላይ ከምታደርገው ጋር አይወዳደርም። ራጅ ሌላ ነው፤ እሱ ሥጋ አልፎ አጥንት የሚያሳይ ነው። ይሄ ከሬዲዮ ወገን ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እስከማውቀው ድረስ። ስልክሽስ የት ነው ያለው?»

ጉያዬን ዳበስሁ። እንደ ወትሮው በጨርቅ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ነው ያስቀመጥሁት። ስታመምም አልተለየኝም።

«እሱም ያው ገመድ አልባ ነው፣ እማ። ከዓመት እስከ ዓመት አቅፈሽው ነው የምትተኚው።»

ስልኬን አውጥቼ ራስጌ አስቀመጥሁት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመንኋት፤ ስልኳን ሆዷ ላይ አታስቀምጠው፣ ትራስ ላይ ታድርገው። እሽ አለችኝ። እኔም ከዚያ ወዲያ በማምሻ ዱካዬን ወደ ቤት ላስገባ፣ አጎበር ሥር ልሆን ቃል ገባሁ። ተማሪዎቿ ሳተርንን አዩአት። «መምህር፣ እውነት ከወረታ ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ ስልኩ ከምስሉ ጋር አብሮ የቀዳውን የእኔን የቁርጥማት ማቃሰት አሰማቻቸው አሉ። አፈርሁ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ።

ልጁ የተወለደው ጥምቀት አልፎ ነው። ወንድ ነው። ክብደቱን ጤና ጣቢያ ሲነግሩን አልሰማኋቸውም፤ ጣቶቹን ስቆጥር ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ጥቅምት ሲገባ ሳተርን እንደገና በማምሻ መታየት ጀመረች፤ ልጄ እንደምትለው በዚህ ዓመት ከፍ ብላ ነው የምትቆየው። ልጁ ወፌ ቆመች የሚባልበት ጊዜ ነበር። ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ ቢንቢ ሳትነሳ፣ ልጄ ውስጥ ሆና ስልኳን ታዘጋጃለች፤ እኔ ውጭ ሆኜ ልጁን ይዤ ቴሌስኮፑን እጠብቃለሁ። ካልሲ አድርጌለታለሁ፣ እጅጌው እስከ ጣቱ ነው፣ ጭራዬም በእጄ ነው። ከእጄ አመለጠና ዳዴ እያለ ሄዶ የቴሌስኮፑን እግር ያዘ። ቀስ እያለ ተነሳ። እዚያ ዝቅ ብላ የተሰካችውን ያችን ጥቁር ነገር በደረቱ ተደግፎ፣ ጀርባውን ወደ መስኮቱ ሰጥቶ ቆመ። ከዚያም አንድ እጁን ለቀቀ።

ከውስጥ የልጄ ድምፅ መጣ። «ተቆረጠ! እማ፣ ማነው የቆመው?»

«ልጅሽ ነው!» አልኋት። «ልጅሽ ቆሟል!»

«ዞር አድርጊው እንጂ፣ ምስሉ ደረቀብኝ!»

ዞር አላደረግሁትም። እሱም ውሃ የሞላ ጀሪካን ሆኗል፤ ዋይፋይ እስኪከልል ድረስ አድጓል። ጭራዬን በራሱ ላይ እያወዛወዝሁ፣ እስኪወድቅ ድረስ ጠበቅሁት።